እጅ ሲጫነው የሚቃና ጣውላ

አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ አያባራም፤ ጉሙም ቀኑን ሙሉ ከመሬት አይነሣም።

በዚያ ክረምት ምትኩ የሚባል አንድ አናጺ ነበረ። ቃሉ ጥቂት፣ እጁ ከባድ ሰው ነው። ሁለት ጎልማሳ ልጆች አሉት፤ ታላቁ ልንገረው፣ ታናሹ ተገኘ። የእርሻ መሬቱን ራሱ አካፍሏቸው ነበር፤ ምንጩ ያለበት ወገን ለታናሹ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ተጣሉ። አባት ሁለቱንም ፊቱ አቁሞ፣ "ታረቁ። ተሳሳሙ። በቃ!" ይላቸዋል። "እሺ አባባ" ብለው ይሳሳማሉ። ከደጁ ሲወጡ ፊታቸውን ያዞራሉ። በመጨረሻ ታላቁ፣ "ዝናቡ ሲያባራ ቤቴን ነቅዬ ቆላ እወርዳለሁ" ብሎ ማለ። የማለውን የማያጥፍ ልጅ መሆኑን አባት ያውቃል፤ ከራሱ የወረሰው ነው።

ምትኩም አንድ ላይ ቢበሉ ይታረቃሉ ብሎ ሰፊ ገበታ ሊሠራላቸው ተነሣ። ሁለት የዋንዛ ጣውላ መረጠ። ሲደርቁ ጎብጠው ነበርና በመላጊያው ማሽን ላይ አሳለፋቸው። የተላጉትን ሁለቱን ፊቶች ቢገጥማቸው መሐላቸው ብርሃን ይታያል።

የማሽኑ ቢላዋ ደንዝዟል አለና ሳለው። ደግሞ አሳለፈ፤ ያው ነው። ከቢላዋው ወዲያ ያለውን የማሽኑን ጠረጴዛ ዝቅ ብሎ አገኘው፤ ከቢላዋው ጫፍ ጋር አስተካከለው። ጣውላው መጨረሻው ላይ ይቦረቦር የነበረው ቀረ፤ ጉብጠቱ ግን አልቀረም። ተናደደ። በሙሉ ክብደቱ እየተጫነ ገፋው። ጣውላው ሳሳ እንጂ አልተቃናም። ጥቂት ከቀጠለ ለገበታም አይተርፍም።

ማሽኑን አጥፍቶ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ክምር ላይ ቁጭ አለ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ዓይኑን ከደነው። ጣውላው በጉም መሐል የተዘረጋ ድልድይ ሆኖ ታየው። በአንዱ ጫፍ ልንገረው፣ በሌላው ጫፍ ተገኘ ቆመዋል። ምትኩ መሐሉን ሲረግጥ ድልድዩ ቀጥ ይላል፤ ልጆቹም ይተያያሉ። እግሩን ሲያነሣ ድልድዩ እንደ ድመት ጀርባ ይጎብጣል፤ ልጆቹም ከጉብታው ወዲያና ወዲህ ይጠፋፋሉ። "እንግዲያው ልቁምበት" አለ። ቆመ። ውሃው ከሥሩ ይሄዳል። ጢሙ ሸበተ፤ ጉልበቱ ዛለ። "እኔ የወደቅሁ ቀንስ?" ሊል አፉን ሲከፍት ድምፅ አጣ።

"አንተ ሰው! እንጨቱ ሳይቃና አንተ ተጋደምክ?"

ብንን ብሎ ቢያይ ሚስቱ የሻረግ ናት፤ ቆሎ ይዛለት በሩ ላይ ቆማለች።

"እንጨቱ ክፉ ነው" አላት።

"ክፉስ አይደለም። ከጠዋት ጀምሮ በመስኮት አይሃለሁ፤ በደረትህ ተኝተህበት ነው የምታሳልፈው። እንዲህ ከተጫኑትማ ማን የማይቃና አለ? እኔም እቃናለሁ!" ሳቀች። "ስትለቀው ግን ወደ ጠባዩ ይመለሳል።"

"ሳልጫነው እንዴት ይታዘዛል?"

"መታዘዝና መቃናት አንድ ነው እንዴ? ልጆችህስ መቼ እምቢ አሉህ?"

ምትኩ ተነሥቶ ጣውላውን የጎደጎደውን ሆዱን ወደ ታች አድርጎ በሁለት ጫፎቹ ብቻ ማሽኑ ላይ አሳረፈው። እጁን አቀለለ፤ እንዳይንሸራተት ያህል ብቻ ያዘው። ቢላዋው መሐሉን አልነካም። ከዚህ ጫፍ ጥቂት፣ ከዚያ ጫፍ ጥቂት እያነሣ ሄደ። ፍቅፋቂው እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ወረደ። ቆይቶ ጣውላው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሆኖ ወጣ። ምትኩ እጁን አነሣ። ጣውላው ባለበት ቀረ።

ትምህርቱ ይህ ነው፤ በጭነት የተቃና ነገር ቀጥ የሚለው እጃችን በላዩ እስካለ ድረስ ነው። "እሺ" ያለን ሁሉ ልቡ አልተስተካከለም። እኛስ በቤታችን ቢላዋውን ከመሳልና እንጨቱን ከመርገም በፊት የእጃችንን ክብደት አይተን እናውቃለን?

ምትኩስ ምን አደረገ? ገበታውን ሳይገጥም በዝናቡ ወጥቶ ወደ ታላቁ ልጁ ቤት ሄደ። ልንገረው አባቱን ሲያይ ብድግ አለ።

"ሊያስታርቁኝ ከሆነ የመጡት፣ እሺ አባባ።"

"እሺ አትበለኝ። የከፋህን ንገረኝ።"

"ውሃው አይደለም" አለ ልጁ። "ምንጩን ለእሱ ሲሰጡ እኔን አልጠየቁኝም። የበኩር ልጅዎ ነበርኩ።"

ምትኩ ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ልጁ የልቡን እስኪጨርስ ሰማው።

"አልጠየቅኩህም" አለ። "እውነትህን ነው።"

ከዚያ የታናሹንም ለመስማት ተነሥቶ ወደ ምንጩ ቁልቁል ወረደ። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ልንገረው ጋቢውን ደርቦ፣ ማንም ና ሳይለው ይከተለው ነበር።