ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን

እልልታውን ለዛሬ አቆዩት። ጭብጨባውንም ተዉት። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የሚጨበጨብለት አይደለም፤ ጨርሼ ስቀመጥ ማንም ባይመርቀኝ አልቀየምም።

አንድ ሰው ነበር። ቁልፍ ያዥ ነው። ደብሩ ከዚህ ሩቅ ነው፣ የት ይሆን ብላችሁ አትድከሙ። በዚያ ደብር የምጽዋቱ ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። አንደኛውን የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ጥጋቡ ይይዛሉ፣ ሁለተኛውን ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ የሺመቤት ትይዛለች፣ ሦስተኛው በዚህ ሰውዬ እጅ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ሣጥኑ አይከፈትም። ሲከፈትም ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ሦስቱም ፈርመው ነው። መልካም ሥርዓት ነው። እናንተም ዘንድ እንዲሁ ነው መቼም።

ሰውየው በዚህ ሥርዓት ይኮራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አስሮ፣ ከአንገቱ ሳያወልቅ ኖሯል። በእርሱ እጅ ያለፈ ነገር ጎደለ ተብሎ አያውቅም። ታማኝ ሰው ነው። ኧረ በጣም ታማኝ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ትርሲት የምትባል ወጣት ወደ ደብሩ መጣች። ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ናት፤ ጥናት ይዛለች። ጥናቷ ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱ፣ እናት አባት ሳይኖራቸው በዘመድ ቤት ያደጉ፣ ሥራ አጥተው የተቀመጡ ልጆች ውስጣቸው ምን እየሆነ ነው? ሲጨንቃቸው ማን ጋ ይሄዳሉ? ማን ይደግፋቸዋል? ይህን ልታጠና ነው የመጣችው። ሰበካ ጉባኤው ፈቀደላት። ለምን አይፈቅድ? ደብዳቤ ይዛለች፣ ማኅተም አለው።

የምታስሞላው ወረቀት ስም አይጻፍበትም። “ሰሞኑን እንቅልፍ እንቢ ብሎሃል ወይ?” ይላል። “ደስ ይልህ የነበረው ነገር አስጠልቶሃል ወይ?” ይላል። “ምነው ባልኖርኩ ብለህ ታውቃለህ ወይ?” ይላል። መጨረሻው ላይ አንዲት መሥመር አለች፦ “ሰው እንዲያነጋግርህ ከፈለግህ ስምህንና ስልክህን እዚህ ጻፍ፤ በማግስቱ እንደውላለን።” በማግስቱ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ልጆቹ ግን ፈሩ። “ወረቀቱን ማን ይሰበስባል?” አሉ።

“የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ” ተባሉ።

“እንግዲያው አንሞላም። ለእርሱ የተነገረ ነገር በነጋታው ሰፈሩን ያዳርሳል።”

እውነታቸውን ነው። ሐሜት እኮ እኛ ዘንድ ጸሎት ተብላ ነው የምትመጣው። “እገሌን በጸሎት አስቡት፣ እንዲህ ሆኖ እኮ ነው” እየተባለ ስንቱ ገመና አደባባይ ወጥቷል?

በዚህ ጊዜ ሰውየው መላ አመጣ። አሮጌው የምጽዋት ሣጥን፣ አዲስ ከተሠራ ወዲህ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ሦስት ቁልፉ ግን እንዳለ ነው። “አውጥተን ደጀ ሰላሙ ጥግ ላይ እናስቀምጠው፤ እዚያ ውስጥ ክተቱት፤ ማንም ብቻውን አይከፍተውም” አላቸው። ልጆቹ ደስ አላቸው። ትርሲትም ደስ አላት። “ብቻ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይከፈትልኝ። እንደውላለን ብለን ጽፈናል” አለች።

“እሺ” አሏት ሦስቱም። የእኛን እሺ ታውቁታላችሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳ ስምንት ልጆች ሞልተው ከተቱ። ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ትርሲት መጣች። አቶ ጥጋቡ ቀብር ሄደዋል። ማክሰኞ መጣች። ወይዘሮ የሺመቤት ጸበል ገብታለች፣ የምትመለሰው ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይታ ነው።

ልጅቱ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትመለስ አይደለችም። ወይዘሮ የሺመቤት ጋ ደወለች። “ቁልፉ ቤት አለ፣ ከልጄ ውሰጂ” አለቻት። አቶ ጥጋቡ ጋ ሄደች። “እኔ ምን ቸገረኝ፣ ክፈቱት” ብለው የራሳቸውን ሰጧት። ረቡዕ ዕለት ሁለቱን ቁልፍ በእጇ ይዛ ሰውየው ፊት ቆመች። አንድ ብቻ ቀረ።

ሰውየው ምን ቢላት ጥሩ ነው?

“ቁልፍ እንጂ ሰው አላመጣሽም። ሥርዓቱ የሚለው ሦስት ሰው በአካል ይገኝ ነው።”

“አባቴ፣ ገንዘብ እኮ የለበትም። ወረቀት ነው።”

“ሣጥን ሣጥን ነው ልጄ። ዛሬ ለወረቀት ብሎ ያለ ሥርዓት የከፈተ፣ ነገ ለብር ይከፍታል።”

“አንድ ሰው ስሙን ጽፎ ቢሆንስ? እየጠበቀን ቢሆንስ?”

ሰውየው ሳቀ። “የኛ ልጆች? እኔ አውቃቸዋለሁ። እሑድ እሑድ እንዴት ናችሁ እላቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል። ደህና ናቸው።”

ትርሲት ቸገራት። ቅዳሜ ልጆቹ በተሰበሰቡበት አዳራሽ ገብታ፣ “ስሙን የጻፈ ካለ እባካችሁ ይንገረኝ” አለቻቸው። ማንም ትንፍሽ አላለም። ይኸም የእርሷ ጥፋት ነው፤ በኋላ ራሷ አልቅሳ ተናግራዋለች። ስሙን የጻፈ ልጅ በሰው ሁሉ ፊት እጁን ማውጣት የሚችል ቢሆን፣ ወረቀቱ ለምን ያስፈልገው ነበር?

አዎ፣ የጻፈች አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን አልነግራችሁም። ስሟን የጻፈችው ለእናንተ አይደለም።

ዓረብ አገር አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። የተቀመጠችው አክስቷ ቤት ነው፤ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥባለች። እዚያ ሳለች ምን እንደደረሰባት ለማንም አልተናገረችም፤ ማንም አልጠየቃትም። ለመዝሙር ስትሰለፍ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቆመው። ድምፅዋ ያምራል። ከተከፋ ሰው አፍ እንዲህ ያለ መዝሙር ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

በሁለተኛው እሑድ ይህች ልጅ ሰውየውን ደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘችው። ሣጥኑ እዚያው ጥግ ላይ አለ። “ሣጥኑ ተከፈተ እንዴ?” አለችው፣ ቀስ ብላ።

ሰውየው ምን አላት መሰላችሁ? “ምን አስቸኮለሽ? ወርቅ የጣልሽበት አስመሰልሽው እኮ” አልኳት።

አዎ፣ አልኳት። ሰውየው፣ ሰውየው እያልኩ ምን አስደበቀኝ። እኔ ነኝ። ቁልፉ ይኸው፣ ዛሬም ከማተቤ ጋር ነው።

ቀልዴ ደስ ብሎኝ ነበር። አጠገቤ የቆሙትም ሳቁልኝ። እርሷም ትንሽ ፈገግ አለች። “ኧረ ምንም፣ እንዲሁ ነው” ብላ አንገቷን ደፍታ ሄደች። የልጅቱ ነፍስ እዚያ ጥግ ላይ ተቆልፎባት፣ ልትጠይቀኝ ድፍረት አግኝታ መጥታ፣ እኔ ሰው አሳቅሁባት።

ሣጥኑ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተከፈተ። በሥርዓቱ ነው የተከፈተ። ሦስታችንም በአካል ተገኝተናል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ፈርመናል። ትርሲት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። “ባልኖርኩ” በሚለው ላይ ምልክት ያደረጉት አሥራ አንድ ናቸው። ከሠላሳ ስምንት፣ አሥራ አንድ። ደህና ናቸው ካልኳቸው ልጆች ውስጥ ነው እንግዲህ።

ስሟን የጻፈችው አንዲቱ ብቻ ናት። ስልኳንም ጽፋለች። ከሥሩ ደግሞ፣ ቦታ ስላልበቃት ጠርዙ ላይ፣ እንዲህ ይላል፦ “ሥራ ላይ ሆኜ ካላነሣሁ፣ እባካችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።”

ትርሲት እዚያው ቆማ ደወለች። ያነሣችው አክስቷ ናት። ልጅቱ ከአራት ቀን በፊት በራሷ ላይ እጇን አንሥታ፣ ጎረቤት ደርሶላት ሆስፒታል ተኝታለች። እግዚአብሔር አተረፋት። እግዚአብሔር ነው ያተረፋት፤ እኛ አይደለንም።

አክስቷ ምን አለችን መሰላችሁ? “ያን ሰሞን ስልኳን ከእጇ አትለይም ነበር። ልብስ ስታጥብ እንኳ በላስቲክ ጠቅልላ አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። ማን ሊደውልልሽ ነው ስላት፣ ሰው፣ አለችኝ።”

ሰው። እናንተ፣ ልጅቱ ስትጠብቅ የነበረው መልአክ አይደለም። ሰው ነው።

ሆስፒታል ሄድን። አቶ ጥጋቡ ብርቱካን ይዘዋል፣ ወይዘሮ የሺመቤት ወተት ይዛለች፣ እኔ ቁልፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። እንደ ወጋችን “እግዜር ይማርሽ” ብለን አልጋዋን ከበን ቆምን። ዝም ብዬ ብመለስ ምን ነበረበት? እኔ ግን መካሪ ነኛ። “ልጄ፣ ምነው ሳትነግሪን?” አልኳት።

ዐይኗን ገልጣ አየችኝ። “ነግሬያችሁ ነበር እኮ” አለች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ወይዘሮ የሺመቤት አለቀሰች። እኔ ማልቀስም አሳፈረኝ።

በሳምንቱ ሰበካ ጉባኤው ተሰበሰበ። የመከርንበትን ልንገራችሁ? ስለ ልጅቱ አይደለም። የተመከረው፣ የምጽዋት ሣጥን ላልሆነ አገልግሎት እንዲውል የፈቀደው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተከራከርንበት። ትርሲትም ተጠርታ፣ አሥራ ዘጠኙን ቀን ከጥናቷ ውስጥ እንድታወጣው ተለመነች፤ የደብሩን ስም ያጠፋል ተባለ። “ስማችሁን አልጠራሁም። ቀኑን ግን አላወጣም። ጥናቴ እኮ እሱ ነው” ብላ ተነሥታ ወጣች። በዚያ ስብሰባ ላይ እውነተኛ ሰው እርሷ ብቻ ነበረች።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ፤ “ምን ዓይነት ደንቆሮ ሰው ነው” እያላችሁኝ ነው። በሉኝ፣ ይገባኛል። ግን እናንተስ?

ከዓረብ አገር የተመለሰችውን እኅታችሁን፣ “ምን ይዘሽ መጣሽ?” አላችኋት እንጂ “ምን ሆነሽ መጣሽ?” ብላችሁ ጠይቃችኋታል? ልጃችሁ ከክፍሉ አልወጣ ሲል፣ “ስንፍና ነው” ያላችሁት ስንት ጊዜ ነው? እንቅልፍ አጣሁ ያለችውን፣ “እምነት ቢኖርሽ አይጨንቅሽም ነበር” ያላችኋት አላችሁ? ጸበሉን ውሰዷት፣ ማን ከለከላችሁ። ሐኪሙም ጋ ውሰዷት። ሁለቱንም ብታደርጉ እግዚአብሔር አይቀናም።

“ቢነግሩን እኮ እንረዳቸው ነበር” አትበሉኝ። ነግረዋችኋል። አንዱ ምግብ ትቶ ነግሯችኋል፣ አንዷ ከማኅበሯ ቀርታ ነግራችኋለች። ሌላው እንደዚያች ልጅ፣ ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቅ መስሎ ነግሯችኋል። እናንተ ግን ሥርዓት አላችሁ። ይሉኝታ አላችሁ። “ጎረቤት ምን ይላል” አላችሁ። ሦስቱ ካልተገናኙ የማይከፈት ቤት ነው ያላችሁ።

ልጅቱ ዛሬ ደህና ናት? እኔ እንጃ። ባለፈው እሑድ ከቅጽሩ ውጭ አገኘኋት። አሁን ወደ ውስጥ አትገባም፤ በሩን ተሳልማ ነው የምትመለሰው። መዝሙሩንም ትታለች።

“እንዴት ነሽ ልጄ?” አልኳት።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። እንደ እናንተ። እንደ ሁላችን። አንድ ጊዜ በሕይወቷ እውነቱን ጽፋ ነበር፤ ምን እንዳተረፈላት አይታለች። አሁን መልሱን ከእኛ ተምራለች።

ልሄድ ስል ወረቀቷ ትዝ አለኝ። ካላነሣሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ተመለስኩ። “እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ነሽ?” አልኳት።

ቆማ አየችኝ። “አሁን ምን ያደርግልዎታል?” አለችኝና ሄደች።

የዛሬ ሳምንትም እዚያው በር ላይ እቆማለሁ። ላትመልስልኝ ትችላለች፤ መብቷ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብቆምም አይበዛብኝም።

እናንተ ግን ገና ጊዜ አላችሁ። አሁን ከዚህ ስትወጡ ልጆቻችሁ በሩ ላይ ቆመው ያገኟችኋል። እንዴት ናችሁ ትሏቸዋላችሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይሏችኋል። አምናችሁ አትለፉ። ደግማችሁ ሞክሩ።