ጥሎሹን የበላው ባላባት

አንድ ባላባት ነበረ። ቁጭ በል እንጂ ስንሻው፣ ምሳሌ ቆሞ አይሰማም። «እህቴን ሊያጩ የመጡትን ሽማግሌዎች እምቢ ብያለሁ፤ ሰው እምቢ ሲል ለሌላው ብሎ ይሁን ለራሱ በምን ይታወቃል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የነፍስ አባትህ ነኝና «እግዜር ያውቃል» ብዬ አልሸኝህም። ይህን ባላባት ልንገርህ።

አገሩ ስኮትላንድ ይባላል። ብርድና ዝናብ የማይለየው ድንጋያማ አገር ነው አሉ። በስተደቡብ እንግሊዝ የሚባል ትልቅ ጎረቤት አለው፤ በምሳሌያችን ሁለቱን የሚለያቸው አንድ ወንዝ ነው። ባላባታችን ቤቱን የሠራው ከወንዙ አፋፍ ላይ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ጢሙ ቀይ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ከመሬቱ የሚያገኘው ትንሽ አጃ ብቻ ነበር፤ ቤቱ ግን ሥጋ አጥቶ አያውቅም። ከወንዙ ማዶ የእንግሊዞች በሬ ይሰማራላ! በዚያ ወሰን ተሻግሮ ከብት መንዳት ጀግንነት እንጂ ነውር አልነበረም። ሥጋ ያለቀ ጊዜ ሚስቱ አትነዘንዘውም፤ ክዳን ያለው ሳህን ታቀርብለታለች። ክዳኑን ሲያነሳ ምግብ የለም፤ ፈረስ የሚኮረኩርበት ብረት ነው የተቀመጠው። እሱም ነገሩ ይገባዋል፤ ብረቱን ተረከዙ ላይ ያስርና ይወጣል።

ታዲያ የእንግሊዝ ንጉሥ ለልጁ ሚስት ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። የተጠየቀችው የስኮትላንዱ ንጉሥ አንድያ ልጅ ናት፤ የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ሕፃን። እዚያው እንግሊዝ ተወስዳ ታድጋለች፣ ስትደርስ ትዳራለች፣ የአባቷም ዙፋን ከእሷ ጋር ወደ ባሏ ቤት ይገባል። ንጉሡ ጨነቀው። እምቢ ቢል ጦር ሊመጣበት ነው፤ እሺ ቢል ልጁም አገሩም መሄዳቸው ነው። ቢቸግረው መኳንንቱን ሰበሰበ።

ባላባታችን ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ። «ጃንሆይ፣ ይህች ልጅ ከሄደች አገራችን አብራት ሄደች ማለት ነው። አባቶቻችን የሞቱት ለዚህ ነው? እኔ በሕይወት እያለሁ ልጃችን ወደዚያ፣ የእነሱ ጥሎሽ ወደዚህ አይሻገርም» አለ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። እሱን አይተው መኳንንቱም አለቀሱ፤ አንዱማ ስቅ ብሎት ውሃ አመጡለት።

ደግሞ ያስመስል ነበር እንዳትለኝ። የተናገረውን ከልቡ ያምን ነበር፤ የተናገረውም እውነት ነበር። ግን ጋብቻው ከሆነ ሰላም ይወርዳል፤ ሰላም ከወረደ ተሻግሮ በሬ መንዳት ይቀራል። ይህቺን አሳብ ባላባታችን አንድ ጊዜ አየት አደረጋትና ቶሎ ብሎ ፊቱን አዞረባት። ሁላችንም እንዲህ የምናደርጋት አሳብ አለችን።

ንጉሡ በንግግሩ ልቡ ተነካ። «እንግዲያው እምቢ እንላለን። ነገር ግን ለጦር ሰበብ እንዳንሰጣቸው ከዛሬ ጀምሮ ተሻግሮ ከብት የነዳ ሰው ጀግና አይባልም፤ ሌባ ነው። የሰረቀውን በሬ ቆዳ ለብሶ ገበያ መሀል ይቁም፤ ከዚህ ጉባኤም ይውጣ። መሻገሪያውን አንተ ትጠብቃለህ» አለው። ባላባታችን ከሁሉ በፊት ማለ። ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

መሻገሪያውን ጠበቀ፤ እውነት ነው። ማንም አልተሻገረም፤ እሱም አልተሻገረም። ሥጋውም አለቀ። አንድ ቀን ምሳ ቀረበ፣ ክዳኑን ቢያነሳ ያ ብረት ተቀምጧል።

«አንቺ፣ መሐላዬን ረሳሽው?» አላት።

«ንግግርዎን ሰምቻለሁ ጌታዬ፣ በጣም ደስ ይላል» አለች ሚስቱ። «ልጆቹ ግን ንግግር አይበሉም።»

ባላባታችን ሳህኑን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ እንደገና ሳህኑን አየ። ከዚያ አሰበ፤ እሱ ሲያስብ ደግሞ ነገር ይበላሻል። እንግሊዝ ጠላት ነው፤ የጠላትን በሬ መውሰድ ጠላትን ማዳከም ነው፤ ጠላትን ማዳከም ደግሞ አገርን መጠበቅ ነው፤ እኔስ የተሾምኩት አገር እንድጠብቅ አይደል? አለ። ብረቱን ተረከዙ ላይ አሰረ።

በማግስቱ ጭጋጉ ሳይገለጥ ተሻገረ። ማዶ ያሉት በሬዎች የሚገርሙ ነበሩ፤ የሰቡ፣ የታጠቡ፣ ቀንዳቸው ላይ ቀይ ሪባን የታሰረላቸው። «እንግሊዝ ጠግቦ ጠግቦ በሬውን ማስጌጥ ጀመረ!» ብሎ ተናደደ። ንዴቱም አበረታውና አንድም ሳያስቀር ነዳቸው። የበሬዎቹ ጠባቂዎች ጭጋጉ ውስጥ ሆነው አዩት፤ ደስ ብሏቸው ዝም አሉ።

ለምን ዝም አሉ? የእንግሊዝ ሽማግሌዎች የንጉሡን እምቢታ የወግ እምቢታ አድርገው ነበር የወሰዱት። የሴት ወገን መጀመሪያ እምቢ ማለቱ ያለ ነው ብለው ጥሎሹን አምጥተው ወንዙ ዳር ይጠብቁ ነበር። የእኛ ጥሎሽ ልብስና ጌጥ ነው፤ የእነሱ በሬ ነበር። በወጋቸው ደግሞ ጥሎሹን የሴቷ ወገን ተቀብሎ ከበላው ቃሉ ታሰረ፤ ልጅቷን መከልከል የለም።

ይህን የማያውቀው ባላባታችን በሬ አረደ። ለብቻው መብላት አልሆንልህ ብሎት በጉባኤው አብረውት ያለቀሱትን መኳንንት ሁሉ ጠራ፤ «ጋብቻውን እምቢ ያልንበትን ቀን እናስብ» አላቸው። እነሱም መጡ፣ በሉ፣ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። የልጅቷን ጥሎሽ በአፋቸው ሞልተው ጋብቻውን ሲረግሙ ዋሉ። የባላባቱ ሴቶች ልጆችም ቀዩን ሪባን ፀጉራቸው ላይ አስረው በደጅ ይሯሯጡ ነበር።

ሳይቆይ የእንግሊዝ ሽማግሌ ወደ ንጉሡ አዳራሽ ገባ፤ ጦር አልያዘም፤ ፈገግ ብሏል። «ጥሎሻችንን ተቀብላችሁ፣ ያውም በድግስ ስለበላችሁልን ጌታዬ ደስ ብሎታል። ሪባናችንንም በመንገዴ በልጆች ፀጉር ላይ አይቼዋለሁ። ሙሽራችንን ልንወስድ መጥተናል» አለ።

ንጉሡ ወደ ባላባቱ ዞረ። «በልተሃል?» አለው።

ባላባታችን ወደ መኳንንቱ ዞረ። አብረውት የበሉት መኳንንት አንዱ ጣሪያ ያያል፣ አንዱ ጢሙን ይጠርጋል። ሰረቅሁ ካለ ስሙ አለቀ፤ ቆዳ ለብሶ በገበያ ሊቆም ነው። ተቀበልኩ ካለ ግን ክብሩ እንዳለ ነው፤ የምትሄደው ልጅቷ ናት። የእንግሊዙ ሽማግሌም ሰውየው እንዲቀለው ብሎ፣ «ይህን የሚያህል መኰንን መቼም አይሰርቅም፤ በክብር ተቀብሎን ነው» አለ።

«በሬዎቹ ራሳቸው ነው የተሻገሩት» አለ ባላባታችን።

«ወደው መጡ ማለት ነው» አለ ሽማግሌው። «እሱማ የበለጠ መልካም ምልክት ነው።»

ንጉሡ አንገቱን ደፋ። ልጅቷን አመጧት። ጓዟ ተቋጥሯል፤ ቡችላዋን በክንዷ አቅፋለች። አዳራሹን ስትቃኝ ከአባቷ ሌላ የምታውቀው ያን ቀይ ጢም ብቻ ነበር፤ ስለ እሷ ማልቀሱን ነግረዋታላ። ወደ እሱ ተጠጋችና ልብሱን ያዘች።

«ጋሼ፣ እዚያ ሲወስዱኝ ቡችላዬን ይፈቅዱልኛል?» አለችው።

ባላባታችን ቡችላዋን አየ፣ ልጅቷን አየ። ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ዝቅ አድርጎ፣ «ሰርቄ ነው» አለ።

«ምን አልክ?» አለ ሽማግሌው።

«ሰርቄ ነው። ማንም ጥሎሽ አልተቀበለም። ሥጋ አለቀብን፣ ተሻግሬ ነዳኋቸው። መጀመሪያም እምቢ ስል ግማሹ ምክንያቴ ይኸው ነበር፤ ሰላም ከሆነ ምን እበላለሁ ብዬ ነው። እኔ ሌባ ነኝ፤ የተሰረቀ ደግሞ ጥሎሽ አይሆንም። ልጅቷን ልቀቋት።»

ሌባ የበላው ጥሎሽ ቃል አያስርምና ሽማግሌው ፈገግታውን ይዞ እንደመጣ ተመለሰ። ልጅቷ አባቷ ቤት ቀረች፤ ጓዟን ፈቱላት። ባላባታችንም ስርቆቱ ለጦር ሰበብ እንዳይሆን እንደ ሕጉ የበሬ ቆዳ ለብሶ በገበያ ቆመ። ዝናብ ዘነበበት፤ ቆዳው እንዴት እንደሸተተ አትጠይቀኝ። አብረውት ድግሱን የበሉት መኳንንት አፍንጫቸውን ይዘው አለፉ። ከጉባኤውም ወጣ፤ ዳግመኛ ንግግር አላደረገም። ሚስቱ አጃ ታበላው ጀመር።

አሁን ወዳንተ ልምጣ ስንሻው። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በጉባኤው ያለው እምቢታ ያምር ነበር፤ ሰው አስለቅሷል፤ ግን ሆዱ ከኋላው ተደብቆበት ስለነበር ረሃብ ሲመጣ ልጅቷን አሳልፎ ሊሰጥ ምንም አልቀረውም። ልጅቷን ያዳናት ሆዱን አውጥቶ በሰው ፊት ካሳየ በኋላ ያለው እምቢታ ነው።

አንተም እህትህን የጠየቀውን ሰው «አገሩ ሩቅ ነው፣ ዘመዱ አይታወቅም» ትለዋለህ። ልክ ልትሆን ትችላለህ፤ እኔ ሰውየውን አላውቀውም። ቤትህን ግን አውቀዋለሁ። እናታችሁ ካረፈች ጀምሮ ማን ነው የሚያበስልልህ? ይህን የለበስከውን ነጭ ጋቢ ማን ነው ያጠበልህ? እሷ ብትሄድ ውሃውን ማን ይቀዳል?

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ እሷንም ጥራትና እየሰማችህ «እህቴ ከሄደች እኔ ብቻዬን ቤት መያዝ አልችልም፤ አንዱ የምፈራው ይህን ነው» በል። ታፍራለህ፤ እፈር። ይህን ከተናገርክ በኋላም ሰውየው የማይሆናት ከመሰለህ እምቢህን በል፤ እኔም መጥቼ አብሬህ እምቢ እላለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን «ለእሷ ብዬ ነው» አትበለኝ።