እርጥቡን የማያውቅ የጨርቅ ነጋዴ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሀብታም። ሚስት ካገባ ብዙ ዘመን አልፎት ልጅ አላገኘም ነበር። ስለት ያልገባበት ደብር፣ ያልጠጣው ጠበል የለም። በመጨረሻ ጠጉሩ ገብስማ ከሆነ በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደለት። ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ሱቁን ዘግቶ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ይውል ጀመር፤ አዋላጇ እንኳ «ኧረ እኚህን ሰውዬ አንድ ቦታ አስቀምጡልኝ» እስክትል ድረስ።

አንቺም ልጄ አትጠገብ፣ «እማማ፣ ለሚወለደው ልጄ የትኛውን የሽንት ጨርቅ ልያዝለት?» ብለሽ መጣሽ። የሱቁን ነጭ ትይኛለሽ፣ ከውጭ አገር የመጣውን ባለ ቁልፉን ትይኛለሽ፣ የአክስትሽን አሮጌ ነጠላ ትይኛለሽ። ጨርቅ ስለ ጠየቅሽኝ የጨርቅ ነጋዴውን ልንገርሽ። ቁጭ በይ፣ እግርሽንም ዘርጊው፤ አብጧል።

ይህ ሰው እንግዲህ ጨርቅ አዋቂ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ በሁለት ጣቱ ካሸው ዓይነቱንም ዋጋውንም ይነግርሻል። ለልጁ ከሱቁ ምርጡን ነጭ ፖፕሊን አወጣ። በልክ አስቆረጠው፣ ጠርዙን አስዘመዘመው፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስታርች አስነክሮ በካውያ አስተኮሰው። ዘመዶቹ «ያረጀ ነጠላ ቅደዱለት፣ ለሕፃን የሚስማማው እሱ ነው» ቢሉት ተቆጣ። «የኔ ልጅ ቡትቶ ሊታጠቅ?» አለ።

የሕፃን ጨርቅ በጓሮ ነው የሚሰጣው፤ የሰው ዓይን አይወድም። እሱ ግን ገመዱን ከበሩ ፊት ለፊት አስወጠረ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል የመጣው ሁሉ ገና ሳይገባ ያንን ነጭ ሰልፍ ያያል፣ ያደንቃል። አባትየውም ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ምን ያድርግ፣ ስንት ዘመን የሌላ ሰው ልጅ ጨርቅ ተሰጥቶ ሲያይ አንገቱን ደፍቶ ያለፈ ሰው ነው። እኔስ አልፈርድበትም።

ልጁ ግን ማልቀስ ጀመረ። ሕፃን ያለቅሳል፤ የዚህ ግን ሌላ ነው። ጡት ጎርሶ እየተፋ ነው የሚያለቅሰው። ጭኑና መቀመጫው ቀላ፣ ቆይቶም ተላጠ። ጡቱን ሲተው ሰውነቱ ሟሸሸ፣ ጉንጩ ጎደጎደ። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። ጠበል ተረጨ፣ ቅቤ ተቀባ፣ ምንም አልሆነ። አባትየው «በስንት ልመና ያገኘሁት ልጅ ሊያመልጠኝ ነው» እያለ እንቅልፍ አጣ። ጨንቆት ከሱቁ ሌላ ጨርቅ አስመጣ፤ ከፊተኛው የነጣ፣ ከፊተኛው የወፈረ። ያንንም በስታርች አስነከረው። አየሽ፣ ፍቅር ሲጨንቀው ያጠፋውን ይደግመዋል።

ሚስቱ ጭምት ሴት ናት። «ጨርቁ ይሆን እንዴ?» ብትለው፣ «ደግሞ ስለ ጨርቅ ለኔ ይነገራል?» ብሎ ፊቱን አዞረ። እሷ ልጁን ጭኗ ላይ አድርጋ እያባበለች ቀስ ብላ መለሰችለት። «ጨርቅስ ያውቃሉ። ግን አንቱ የሚያውቁት ደረቁን ነው። እሱ የታጠቀው እርጥቡን ነው።»

ሰውየው ወጣና ከገመዱ ላይ አንዱን ጨርቅ አነሣ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው ጣል አድርጎ ነከረው፤ ሽንት መሆኑ ነው እንግዲህ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ከሱሪው ሥር ታጠቀው። ሳቂ፣ ሳቂ፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሥቄያለሁ። ጋቢውን ደርቦ ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለውም። ቆይቶ ጨርቁ ቀዘቀዘ። ያ ያስዘመዘመው ጠርዝ ጭኑን ይፈገፍገው ጀመር። በአንድ ጎኑ ተቀመጠ፣ በሌላው ተቀመጠ፣ ተነሥቶ ቆመ። ጎረቤቱ ነጋዴ «ምነው ጌታው፣ ጉንዳን ገባብዎት እንዴ?» አለው። ፀሐዩ አናት ላይ ሳይደርስ ገላው እንደ በርበሬ ያቃጥለው ያዘ። «አሁንስ በቃኝ፣ ልፍታው» አለና እጁን ወደ መቀነቱ ሰደደ።

እዚያ ላይ ልቡ ተሰበረ። «እኔ ሲብስብኝ እፈታዋለሁ። እሱስ?» አለ። ሳይፈታው ሱቁን ዘግቶ፣ እግሩን አንፈርክኮ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየው እያለቀሰ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ከላዩ ላይ ጋቢውን አወለቀ። ለዓመታት ታጥቦ ታጥቦ እንደ ልጅ ጠጉር የለሰለሰ ጋቢ ነው፤ ያለሱ እንቅልፍ አይወስደውም። ጫፉን በጥርሱ ይዞ ተረተረው። ሚስቱ የመቀደዱን ድምፅ ሰምታ ብትመጣ፣ መሬት ተቀምጦ አንዱን ቁራጭ ጉንጩ ላይ እያሸ ሌላውን ይቀድዳል። እሷም አጠገቡ ተቀመጠችና አብራው ቀደደች። የልጁ ገላ እያደር ደረቀ፣ ጡቱንም ያዘ።

እንግዲህ አትጠገብ፣ የትኛውን ልምረጥ ነው ያልሽኝ። የሱቁም ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ አሮጌ ነጠላም የሚሻክር አለ፣ ባለ ቁልፉን ደግሞ እኔ አላውቀውም፤ በማላውቀው አልፈርድም። ሕፃን ማለት የታጠቀውን መፍታት የማይችል ሰው ነው። ስለዚህ የምታስታጥቂውን ሁሉ ቀድመሽ አንቺ ታጠቂው። ጨርቁን ብቻ እንዳይመስልሽ። የምታወጪለትን ስም፣ ስትቆጪው የምትሰነዝሪበትን ቃል፣ «ለሱ ብዬ ነው» እያልሽ ለጎረቤት የምታሳዪውን ነገር ሁሉ በራስሽ ገላ ላይ ሞክሪው፤ እርጥቡን። ከቆጠቆጠሽ እሱንም ይቆጠቁጠዋል። ልዩነቱ አንቺ አፍ አለሽ።

በይ ተነሺ አሁን፣ እነዚያን ጨርቆች ውሃ አስነኪልኝ። አንዱን አንቺ ታጥቀሽ ቤትሽ ሂጂ። አንዱን ደግሞ ለባልሽ ውሰጂለት፤ ልጁ የሁለታችሁ ነው።