አያ ጅቦ የገጠማት ስንኝ

አንድ ጊዜ፣ ከትልቁ ወንዝ ዳር በቆመች ዋርካ ሥር፣ አራዊትና እንስሳት በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ለዘፈን ይሰበሰቡ ነበር። ሕጉን ያወጣው አንበሳ ነው። የሚዘፍን ሁሉ ራሱ የገጠመውን ይዘፍናል፤ በዘፈን ቀን ደግሞ፣ ሲመጡም ሆነ ሲመለሱ፣ ማንም ማንንም አይበላም።

ጦጣ ማሲንቆ ትመታለች። ኤሊ ዘፋኞቹን ታስተዋውቃለች፤ ንግግሯ እስኪያልቅ ግን ግልገሎቹ አንድ እንቅልፍ ተኝተው ይነሳሉ። ቆቅ ስለ ጫጩቶቿ፣ ጃርት ስለ ድንች ማሳ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ልቡን የነካው አድማጭም ከቤቱ ያመጣውን ለዘፋኙ ይሸልማል።

አያ ጅቦ ከዳር ተቀምጦ ዓይኑን ከሽልማቱ ላይ አይነቅልም ነበር። ጃርት በአንድ ዘፈን አንድ ቁና ድንች ተሸልሞ ሲሄድ ባየ ጊዜ ሆዱ ጮኸ።

«ለጃርት ድንች ከሰጡት፣ ለእኔማ ሥጋ ነው የሚሰጡኝ!» አለ።

ችግሩ፣ መግጠም አይችልም። ሲያስብ ውሎ ያገኘው «ሥጋ ሥጋ ሥጋ፣ ሥጋ ሥጋ ሥጋ» የሚል ብቻ ሆነ። ቤት መምታቱን ይመታል፤ ይሁንና ጅቡ ራሱ እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለው ጠረጠረ። ስለዚህ የፍየል ታፋ ተሸክሞ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ ያንቺ አፍ ማር ነው። የሚያስለቅስ ዘፈን ስጪኝና ታፋዋን ውሰጃት።»

ቀበሮ ለመግጠም ሰነፈች፤ ታፋው ግን አማራት። ሰሞኑን ውኃ ልትጠጣ ስትወርድ፣ እመት አህዪት ሰው አየኝ አላየኝ እያለች ወንዝ ዳር ዘፈን ስትለማመድ ሰምታ ነበር። አህዪትን ያሳደገቻት አክስቷ ሻሼ ባለፈው ክረምት ከዘፈን ስትመለስ ጠፍታ ቀርታለች። ሁሉም «ወንዙ ወስዷት ነው» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አህዪት ዋርካው ሥር ደርሳ አታውቅም።

«እሷ እንደሆነች አትመጣም፤ ማን ያውቃል?» አለች ቀበሮ በልቧ። ከዚያም «አክስቴ» የሚለውን «ጎረቤቴ» ብላ ለውጣ ለጅቡ አስጠናችው።

«ሻሼ ጎረቤቴ፣ ወዴት ሄደሽ ቀረሽ፣
ወንዙ ነው ገደሉ፣ ማን ነው ወይ ያስቀረሽ?
ገብሱም አሸተና፣ ሣሩ ለመለመ፣
ያንቺ ድምፅ ብቻ ግን ሳይሰማ ከረመ።»

«ሻሼ ማናት?» አለ ጅቡ።

«ያቺ ባለፈው ክረምት የጠፋችው አህያ ናታ!»

አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ሐዘኑ ነው» አለ።

ቅዳሜ ደረሰ። በዚያው ቀን ደግሞ አህዪት ልቧን አጽንታ፣ «ድምፄ ምንም ይሁን ምን፣ ለአክስቴ ዛሬ እዘፍናለሁ» ብላ መጣች። ከሁሉ ኋላ፣ ከዝሆን ጀርባ ቆመች።

ኤሊ «ቀጥሎ... አያ... ጅቦ...» እያለች ሳትጨርስ ጅቡ መሐል ሜዳ ገባ። ጦጣ ማሲንቆዋን ቃኘች። ጅቡም ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ሻሼ ጎረቤቴ» ብሎ ጀመረ።

ጅብ ለአህያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት ማን አይቶ ያውቃል! ቆቅ ተንሰቀሰቀች። አንበሳም እንባው እንዳይታይበት ፊቱን በጅራቱ ጫፍ ጠረገ። አህዪት ግን ከዝሆን ጀርባ እንደ ደረቀ ግንድ ቀረች። የራሷ ዘፈን ነው። «የኔ ነው!» ልትል አፏን ብትከፍት ድምፅ እምቢ አላት።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ክፉ ትመስለኝ ነበር» አለ ጃርት፣ አፍንጫውን እየሳበ። አንበሳ የበሬ ጎድን አንሥቶ ጅቡ ፊት አኖረ።

«ጨምርበት፣ አያ ጅቦ! ለምትቀጥለዋ ስንኝ ሁለተኛው ጎድን አለልህ።»

ጅቡ ሁለተኛውን ጎድን አየ። ያጠናው ግን አልቋል። ቀበሮ ከቁጥቋጦው ሥር «ተው! በቃህ! ውረድ!» እያለች በጆሮዋም በጅራቷም ጠቀሰችው። እሱ ግን ያየው ጎድኑን ብቻ ነው። ስለ ሻሼ የሚያውቀውን ሁሉ ለማስታወስ ግንባሩን ቋጠረ። ጥቂት ያውቅ ኖሯል፤ ፊቱ በራና ዘፈነ፦

«ወንዝም አልወሰዳት፣ ገደልም አልበላት፣
ጉበቷ ጣፈጠኝ፣ ጆሮዋ ነው ጠላት!»

የጦጣ ማሲንቆ ተንጫረረና ቆመ።

«ምን አልክ?» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ።

«ቤት አልመታም እንዴ?»

«መትቷል። ይህን ማን ነገረህ?»

ጅቡ ተቀየመ። «ማን ይነግረኛል? ጌታዬ፣ ሕግማ አውቃለሁ! የፊተኞቹን ቀበሮ ናት የሰጠችኝ። ይህቺ የመጨረሻዋ ግን የራሴ ናት። ከሆዴ ነው ያወጣኋት!»

ያን ጊዜ የአህዪት ጉሮሮ ተከፈተ። «አንተ ጎባጣ! ስንኟ ከምትወጣ አክስቴ በወጣችልኝ!» ብላ ከዝሆን ጀርባ ፈትለክ አለች። ጅቡ ነገሩ ገብቶት ለመሮጥ ሲነሣ እሷ ዞራ ነበር። በኋላ እግሯ አንድ ጊዜ ብታነሣው ማሲንቆውን ዘሎ፣ ኤሊን ዘሎ፣ እሾህ ውስጥ ወደቀ።

ቀበሮም በቁጥቋጦው ሥር ሹልክ ልትል ነበር። ኤሊ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥና ጅራቷን ረገጠችባት።

አንበሳ ተቆጣ፤ ባፈሰሰው እንባም እጅግ አፈረ። «አንተ በዘፈን ቀን የበላህ፣ ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትል! አለዚያ እኔ ነኝ የምበላህ» አለው ጅቡን። ወደ ቀበሮ ዞረና «አንቺ ደግሞ ለመጪው ቅዳሜ የራስሽን ዘፈን ይዘሽ ትመጫለሽ» አላት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ቀበሮ መሐል ቆማ «ኦ ጨረቃ...» ስትል፣ ሜዳው በአንድ ድምፅ «የማን ነው?» አላት። «ኦ ወንዝ...» ስትል «የማን ነው?» አሏት። ማር የሚመስለው አፏም ተሳሰረ፤ ጆሮዋን ጥላ ወረደች።

ከዚያ አህዪት ወጣች። «ሻሼ አክስቴ ሻሼ» ብላ ስትጀምር ድምጿ ወፎቹን ከዋርካው አስነሣ። የዝሆን ግልገል ሊስቅ ሲል እናቱ በኩምቢዋ አፉን ያዘችው። አህዪት ስንኙን ሳትቸኩል ዘልቃ፣ «ማን ነው ወይ ያስቀረሽ» የሚለው ላይ ስትደርስ ጅቡ የወደቀበትን እሾህ አየት አደረገች። ከዚያ የአክስቷን ስም ብቻ፣ ረጅም አድርጋ ጠርታ ጨረሰች። አንበሳም በዚህ ጊዜ እንባውን አልጠረገም።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላ ሰው ቃል ለመከበር የሚሮጥ፣ የተዋሰው ቃል ሲያልቅበት የራሱን ጉድ በራሱ አፍ እንደሚያወጣ ነው።