ባንክ በር ላይ የተተከለው ድንኳን

በቡሬ የቧንቧ ውኃ ጠፍቶ የክፍያ ቢሉ ብቻ ሲመጣ የምንላት አንዲት አባባል አለች። ሚስት ባሏን ትወርፍባታለች፤ የታክሲ ረዳቱ ተራ አስከባሪውን ይነካባታል። ሰሞኑን እንዲያውም አንድ ተናጋሪ ሠርግ ላይ ማይክ ይዞ «የጥንት አባቶቻችን እንዳሉት» ብሎ ሲጠቅሳት ሰምቼ የያዝሁት ጠላ ትን አለኝ። የምን የጥንት አባቶች! እኔ እኮ ስትወለድ ቆሜ አይቻታለሁ! የተወለደችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ገበያው ግጥም ብሎ ሳለ፣ ባንክ በር ላይ ነው። ለዚያ ያበቃችን ደግሞ የወፍጮ ቤቷ ትርንጎ ናት።

ትርንጎን የማያውቅ ካለ በርበሬ በልቶ የማያውቅ ሰው ነው። ባሏ ሲሞት የተወላትን አሮጌ ወፍጮ እያስጠገነች ልጆቿን አሳደገች። ኋላም ወፍጮ ቤቱን አስይዛ ከባንክ ተበደረችና አዲስ ሞተር አስገባች። ሞተሩ የተነሣ ዕለት እልልታዋን የሰማ ሁሉ ልጅ የዳረች መስሎት ነበር። ብድሩን ስትከፍልም አንድ ወር አጓድላ አታውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ከባንኩ ተደወለላትና «ክፍያዎ ጎድሏል። ካላሟሉ ጉዳይዎ ወደ ሕግ ክፍል ይተላለፋል፤ ወፍጮ ቤቱ መያዣ መሆኑን አይርሱ» ተባለች።

ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ሮጠች። የብድር ሠራተኛው ሳምሶን የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ፣ ግን የተጫነበትን የሚያራግፍ ዓይነት አይደለም።

«የከፈልሁትን ማን በላው?» አለችው።

«ማንም አልበላውም፣ እትዬ። የብድር መድን ተቆርጦ ነው። ከሚከፍሉት ላይ በየወሩ ይቆረጣል፤ ጉድለቱ ተጠራቅሞ ነው።»

«የምን መድን?»

«ቢታመሙ ወይም ሥራዎን ቢያጡ ክፍያዎን የሚሸፍንልዎት ነው።»

«ማን አስገባኝ?»

«ፈርመዋል እኮ!»

«እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እያልህ በጣትህ ስታሳየኝ ፈረምሁ! ጣትህ መድን ነው ብላ ነገረችኝ?»

ይህን እንዳለች የትርንጎ ፊት ድንገት በራ። በዚያው ሰሞን የሞተሩን ቺንጋ፣ ያን የጎማ ቀበቶ፣ ስታጠብቅ ተፈናጥሮ መትቷት አንጓዋ ተሰብሮ ነበር። እጇ በጀሶ ታስሯል፣ ወፍጮውም ከቆመ ሰንብቷል። ጀሶውን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ጧ! አደረገችው።

«ተመስገን! እንግዲያው ታምሜያለሁ፤ ይኸው። ሸፍኑልኝ!»

ሳምሶን ኮምፒዩተሩን ነካክቶ፣ «ከሥራ መቅረትዎን የሚገልጽ የአሠሪዎ ደብዳቤ ያስፈልጋል» አላት።

«አሠሪዬ እኔው ነኝ!»

«እሱማ... ደሞዝተኛ ካልሆኑ መድኑ እርስዎን አይመለከትም።»

«የማይመለከተኝ ከሆነ ብሬን መልስልኛ!»

«እሱ ደግሞ አይመለስም።»

ይህን ስነግራችሁ ዛሬም ደሜ ይፈላል! የሌላ አገር ሰው ቢሆን ጠበቃ ይፈልግ ነበር። እኛ ግን መድን ሲሉን የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እድር። በእድር ሰው ሳይጠየቅ አይገባም፤ ጉባኤ መካከል ቆሞ በአፉ «አስገቡኝ» ይላል፣ ዋስ ይጠራል። አንዴ ከገባና መዋጮውን ከከፈለ ደግሞ በችግሩ ቀን እድርተኛው ቀርቶ ድንኳኑ ራሱ ተነሥቶ ይመጣል። ትርንጎም ገንዘቧን በየወሩ የሚቀበላት ሁሉ እድርተኛዋ መሰላት፤ መምሰሉም አይፈረድባትም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እድራችን ስብሰባ ተቀምጦ ሳለ ተነሥታ ቆመች።

«ጋሽ መንበሩ፣» አለች የእድሩን ዳኛ፣ «እኔ የማላውቀው እድር ውስጥ ገብቻለሁ። መዋጮ ይቀበለኛል፣ ስታመም ግን አልደረሰልኝም። በወጋችን መሠረት ጥሩምባ ይነፋልኝ።»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ። ጋሽ መንበሩ ቀልድ የማይሆንላቸው የቆዳ ነጋዴ ናቸው፤ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«አንቺ ትርንጎ፣ ጥሩምባ ለሞት እንጂ ለባንክ ይነፋል?»

«ጋሼ፣ ወፍጮዬን ከወሰዱብኝ እኔ ከሞተ ሰው በምን እለያለሁ?» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጆቼን ያሳደግሁት በእሱ ነው። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።»

እኔ ራሴ በመሳቄ አፈርሁ። ጋሽ መንበሩ ዙሪያቸውን ቃኙና፣ «ከዚያ ባንክ የተበደረ እጁን ያውጣ» አሉ። የልብስ ሰፊው እጅ ወጣ፣ የባለ ሉካንዳው እጅ ወጣ፣ የእኔም ወጣ፤ ወዲያው አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ! «መድን ግዙ ሲባል በአፉ እሺ ያለ ብቻ እጁን አቁም፤ የቀራችሁ አውርዱ» አሉ። እጁን ያቆመ አልነበረም። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ የሚቆረጥብኝን የባንክ ግብር ነው እያልሁ ዝም ብዬ ኖሬያለሁ!

ጋሽ መንበሩ ብድግ አሉ። «መዋጮ የበላ ለቅሶ ይደርሳል! ቅዳሜ ድንኳኑ ይውጣ!»

ቅዳሜ ማለዳ የባንኩ በር ሳይከፈት ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። ትርንጎ ጀሶዋን አቅፋ መካከል ተቀመጠች። ጥሩምባ ነፊያችን አያ ሙላት ጉንጫቸውን ነፍተው አንዴ ሲለቁት በርበሬ ሻጩም፣ ፍየል ነጂውም፣ ፖሊሱም ክው አለ።

«የባንኩ እድርተኞች ሆይ! እኅታችሁ ትርንጎ ወድቃለች! ውኃ ቅዱ! እንጨት ፍለጡ! ድረሱላት!»

እንግዲህ የጥሩምባ ነገር ታውቃላችሁ። ያገራችን ሰው ጥሩምባ ሰምቶ ማነው ምንድን ነው አይልም፤ እግሩ ቀድሞት ይሄዳል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ናሁሰናይ ከሌላ ከተማ ተዛውረው ከመጡ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነበር። ከራቫታቸውን እያላሉ ወጡና ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ፤ ከዚያም በለቅሶ ወግ አግዳሚው ላይ ቁጭ! ሳምሶን እንኳ ለማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ወንበር መሸከም ጀምሯል። ሳቄን ለማፈን ከንፈሬን ነከስሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት ቆይተው አጠገባቸው ወደ ነበሩት ጋሽ መንበሩ ጠጋ አሉ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«ገና አላረፈም። ወፍጮ ነው» አሏቸው።

«ምን አሉኝ?»

«በየወሩ ከትርንጎ ላይ መድን እያላችሁ የምትቆርጡት ለክፉ ቀኗ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ለክፉ ቀን ነው።»

«ክፉ ቀኗ ይኸው፤ እጇ ተሰብሯል። ዕዳዋን ትሸከሙላታላችሁ?»

ሳምሶን በሥራ አስኪያጁ ጆሮ አንሾካሾከ። አቶ ናሁሰናይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መድኑ ለደሞዝተኛ የተዘጋጀ ነው። እሳቸውን አይመለከትም።»

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለ ገበያተኛው።

«ታዲያ የማይመለከታትን ለምን አስከፈላችኋት?» አሉ ጋሽ መንበሩ።

«ያው... ከብድር ጋር አብሮ የሚመጣ አሠራር ነው...»

ትርንጎ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «ጌታዬ፣ ከሁለት አንዱን ይምረጡ። እድርተኛዬ ከሆኑ እጄ እስኪድን ዕዳዬን ይሸከሙልኝ። ካልሆኑ የወሰዱትን ይመልሱልኝና የጎደለውን ልሙላበት። ሁለቱንም እምቢ ካሉኝ እኔ ከዚህ ድንኳን አልወጣም፤ እርስዎም ሐዘንተኛ ጥለው መሄድዎ ነውር ነው!»

ሰውዬው ብድግ ሊሉ አሰቡ፤ ከለቅሶ ቤት ግን ሰው ዝም ብሎ አይነሣም፣ ሕዝቡም ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነው። በመጨረሻ እዚያው እንደ ተቀመጡ ስልካቸውን አውጥተው ዋናው መሥሪያ ቤት ደወሉ። ይኼኔ አያ ሙላት ጥሩምባቸውን ደገሙት!

«ምንድን ነው የምሰማው? ማን ሞተ?» ይላል በስልኩ ያለው ሰው፤ እኛ ድረስ ይሰማል።

«እስካሁን ማንም!» ብለው ጮኹ አቶ ናሁሰናይ። «ግን በቶሎ ካልወሰናችሁልኝ እኔን ቅበሩኝ!»

ተከራከሩ፣ ለመኑ፣ ላባቸውን ጠረጉ። እውነቱን ለመናገር፣ እየቆዩ ሲሄዱ ከባንኩ ይልቅ ለትርንጎ የሚሟገቱ መሰሉኝ። ስልኩን ዘጉና ቆሙ። «የወይዘሮ ትርንጎ መድን ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። የተቆረጠው ሁሉ ተመልሶ ለብድሩ ይገባል። ጉድለት የለባቸውም፤ ወፍጮ ቤቱንም የሚነካ የለም።»

እልልታው! ከገበያው ዳር እስከ ዳር ቀለጠ። ትርንጎ በደኅና እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ያየነው የመጀመሪያው የደስታ ለቅሶ ድንኳን እሱ ነው። እኛ የቀረነው ማመልከቻ አስገቡ ተባልን፤ የእኔስ እስከሚቀጥለው ክረምት አንከራትቶኛል፣ ግን ተመለሰ።

ድንኳኑን ስንነቅል አቶ ናሁሰናይ ኮታቸውን አውልቀው ካስማ ነቀሉልን። ወደ ቢሮ ከመግባታቸው በፊትም ጋሽ መንበሩን፣ «እኔ ለአገሩ እንግዳ ነኝ። እድራችሁን ወድጄዋለሁ፤ መዝግቡኝ» አሏቸው። ጋሽ መንበሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ እጃቸውንም በአቶ ናሁሰናይ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ያቺን አባባል ወለዷት፦ «ደስ እያለን እንመዘግብዎታለን፤ ብቻ እንደዚያ መድንዎ እንዳይሆኑብን፤ በመዋጮ አባል፣ በለቅሶ እንግዳ።»