የጋሽ ዘርጋው አሥር ጣቶች

አንድ ቀን፣ ያውም በሰው ድግስ ላይ፣ ጋሽ ዘርጋውን የገዛ አፉ ጉድ አደረገው። የጎረቤቱ ልጅ ተመርቃ ጠላው በጣሳ፣ ጥብሱ በሳህን እየዞረ ሳለ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ የጋባዦቹ ዘመድ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጋሽ ዘርጋው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ሲተይብ የኖረ ሰው ነው። «ታይፒስት ነኝ» ብሎ ቢያልፈው ማን ይጠላው ነበር? ግን ሦስተኛው ጣሳ ላይ ደርሶ ነበርና ጣሳውን አስቀምጦ አሥር ጣቶቹን ዘረጋ። «የዚህን አገር ዶክተር ግማሹን የወለድኩት በነዚህ ነው። ኮማና ነጥባቸውን ሳላርም ያሳለፍኩት አንድም የለም» አለ። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ድግሱ በሰላም አለቀ።

ዘንድሮ ግን ድግስ አያልቅም። ከተጋባዦቹ አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሯል። በማግስቱ ያቺ የመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ብቻዋን ቲክቶክ ላይ ወጣች። ስለ ኮማና ነጥብ የተናገራት ሁለተኛዋ ተቆርጣ ቀርታለች፤ ኮማ የሚያስደነግጠው ሰው የለማ። ከላይ በቀይ ፊደል «የሐሰት ዶክተሮች አባት ተናዘዘ» ተብሎ ተጽፎበታል። የድሮ ሰዎች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ስልክ ስላልነበራቸው ነው እንጂ፣ አፋፍ ላይ ቢቀርለትማ ጋሽ ዘርጋው ምን ገዶት።

ይህችን ቁራጭ ቪዲዮ ካዩት አንዱ ዶክተር ናሁሠናይ ነበር። ዶክተር ናሁሠናይ «ልጣጭ» የሚባል ፖድካስት አለው፤ ሥራው ስም ያላቸውን ምሁራን መላጥ ነው። ማን የማንን መጽሐፍ እንደገለበጠ፣ ማን በየትኛው ሆቴል ከማን ጋር እንደታየ፣ ማን ዲግሪውን ከየት እንዳመጣው፣ «ምንጮቻችን እንደነገሩን» እያለ ይዘረዝረዋል። ምንጮቹ አብዛኛውን ጊዜ የተባረረ ሾፌር ወይም የተፈታች ሚስት ናቸው። እኛ ደጅ ቁጭ ብለን ስናወራው ሐሜት ይባላል፤ እሱ ማይክሮፎን ፊት ሲያወራው ትንታኔ ሆነ።

ዶክተር ናሁሠናይ ከምሁራን ሁሉ አጥብቆ የሚጠላው ዶክተር ምንተስኖትን ነበር። ዶክተር ምንተስኖት ሽማግሌ የታሪክ መምህር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ በደሉ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን፣ አገር እያየ፣ የናሁሠናይን ዓመተ ምሕረት ማረሙ ነው። ናሁሠናይ ያቺን እርማት አልረሳም። እናም ጋሽ ዘርጋውን ሳይጠይቀው፣ ስልክም ሳይደውልለት፣ «የዶክተር ፋብሪካ» ብሎ ክፍል አንድንና ክፍል ሁለትን ለቀቀ። የፋብሪካው የመጀመሪያ ምርት ዶክተር ምንተስኖት ሳይሆን እንደማይቀርም በጨዋ አፍ ጠቆም አደረገ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዘርጋው ሱቅ ድርሽ የሚል ጠፋ። ጊዜው ግንቦት ነው፤ ተማሪ ጽሑፉን የሚያስገባበት፣ በሌላው ዓመት ወረፋው አስፋልት የሚነካበት ወር። አሁን ግን ከዚያ ሱቅ ሲገባ የታየ ሁሉ አስጽፎ እንደተመረቀ ስለሚቆጠር፣ ተማሪው ሱቁ ጋ ሲደርስ መንገድ ይሻገራል። በገዛ እጁ ሁለት ዓመት የለፋውም ይሻገራል። ጽሑፍ የምትጠርዘው ሚስቱ ይፍቱሥራ ነበረች፤ የምትጠርዘው ስታጣ የፕሪንተሩን አቧራ በቀን አራት ጊዜ መወልወል ጀመረች። ጋሽ ዘርጋው በዚህ ዕድሜው ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ሱቁ ከተዘጋ እሱም አብሮ መዘጋቱ ነው። ይህን ለሚስቱ አይነግራትም። እሷም ሳይነግራት ታውቃለች።

«ሄደህ ፊት ለፊት ንገረው» አለችው አንድ ጠዋት።

«እዚያ ቀርቤ ደግሞ ቢያዋርደኝስ?»

«ከዚህ በላይ ምን ሊያደርግህ?» ጨርቋን አራገፈች። «ደግሞ ይኼ ሰውዬ ሁሉን መጠርጠሩ ለኔ አልጣመኝም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም።»

ጋሽ ዘርጋው ደወለ። ዶክተር ናሁሠናይ እንደ ሰርግ ጥሪ ደስ ብሎት ተቀበለው፤ ክፍል ሦስት በእግሯ መጣችለታ።

ስቱዲዮው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ከናሁሠናይ ጀርባ እስከ ጣሪያ የደረሰ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይታያል። ጋሽ ዘርጋው መጽሐፍ ይወዳል፤ ጠጋ ብሎ አንዱን ሊያወጣ ሲሞክር ጣቱ በወረቀት ላይ ተንሸራተተ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቀጥታ ገብተናል» አለ ናሁሠናይ፣ መነጽሩን አውልቆ። መነጽሩን ሲያወልቅ ነገር ሊያወጣ እንደሆነ ተከታዮቹ ያውቃሉ። ከጎናቸው ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ የተመልካቹ ቁጥር ይቆጥራል፤ አርባ ስድስት ሺ ደርሷል። ከሥሩ የሰዉ አስተያየት ይግተለተላል።

«ጋሽ ዘርጋው፣ ስንት ዶክተር ወልደሃል?»

«ሁለት ሴት ልጆች ነው ያሉኝ። አንዷ ነርስ ናት።»

«ቀልዱን ተወው። ‹ግማሹን የወለድኩት እኔ ነኝ› ብለሃል። ድምፅህ ነው፤ ፊትህ ነው።»

«ብያለሁ። ቀጥዬም ኮማቸውን አርማለሁ ብያለሁ። እሷን የት አደረሳችኋት?»

«ኮማ ርዕሳችን አይደለም።»

«የኔ ሥራ ግን እሱ ነው። እኔ እተይባለሁ እንጂ አልጽፍም።»

ናሁሠናይ ወደ ካሜራው ፈገግ አለ። «ለተመልካቾቻችን ልዩነቱን ብታስረዳልን?»

«የሚጽፈው ይጨነቃል፤ የሚተይበው ወገቡን ያመዋል።»

ከአስተያየቶቹ መሀል የሳቅ ምልክቶች ብቅ ብቅ አሉ። ናሁሠናይ አልወደደውም። በ«ልጣጭ» ላይ እንግዳ የሚያስቀው ሲታዘዝ ነው። ወንበሩን ወደፊት አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዶክተር ምንተስኖት። የሱን ማን ጻፈው?»

«ራሱ።»

«እንዴት እርግጠኛ ሆንክ?»

«አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነዋ ያስተየበኝ። ምሳውን በሳህን ቋጥሮ ይመጣል፣ አንዷን ገጽ ሰባት ጊዜ አስቀይሮኛል። ‹ይህችን ቃል አንሳት፣ የለም መልሳት› እያለ ነፍሴን አወጣት። በስምንተኛው ‹ዶክተርነቱ ቢቀርብህስ?› ብዬዋለሁ። አስጽፎ የሚያመጣ ሰው እንዲህ አያደርግም። እሱማ ውስጡ ምን እንዳለ ስለማያውቅ ‹ቶሎ በልልኝ› ብቻ ነው የሚለው።»

«እና እንዲህ ‹ቶሎ በልልኝ› ያሉህ ሰዎች አሉ ማለት ነው?»

ጋሽ ዘርጋው ዝም አለ። አዎ፣ ነበሩ። ግን ታይፒስትና የንስሐ አባት የሰው ገበና አያወጡም፤ ሠላሳ ዓመት ሱቁ የቆመው በዚህ ነው። ናሁሠናይ ዝምታውን አየና ፊቱ በራ።

«አሉ! እነማን ናቸው?»

«የሰው ስም አልጠራም።»

«አየህ፣ ሁለት ምርጫ ነው ያለህ» አለ ናሁሠናይ። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ነው። «ወይ ዛሬ እዚህ ስም ጠርተህ ምስክር ትሆናለህ፣ ወይ ስም ደብቀህ ዋናው ወንጀለኛ አንተ ትሆናለህ። ከነገ ጀምሮ ያንን ሱቅ የሚረግጥ ተማሪ አይኖርም፤ እኔ አረጋግጥልሃለሁ። ሕዝብ ማወቅ አለበት። የሐሰት ዶክተሮቹን ስም አንድ በአንድ ጥራ።»

ጋሽ ዘርጋው ስክሪኑን አየ፤ አርባ ዘጠኝ ሺ። ባዶውን ሱቁን አሰበ፤ ሚስቱ በዚህ ሰዓት ያቺኑ ፕሪንተር እየወለወለች እንደሆነ ታየው። ከዚያ ከናሁሠናይ ጀርባ ባለው የወረቀት መደርደሪያ ላይ ዓይኑን ጥቂት አቆየና ይፍቱሥራ ያን ጠዋት የተናገረችው ተረት ትዝ አለው። ረጋ ብሎ ኮቱን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እሺ፣ ሕዝብ ማወቅ ካለበት ይወቅ። ስም እጠራለሁ። ብቻ አንድ ነገር አስቀድመህ ንገረኝ።»

«ጠይቅ!»

«ከሩቅ ልጀምር፣ ከቅርብ?»

ናሁሠናይ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ። መነጽሩን አነሳና አደረገ፣ መልሶ አወለቀው።

«ከቅርብ… ከቅርብ ማለት?»

«ከዚህ ጠረጴዛ።»

ስክሪኑ ላይ አስተያየቱ እንደ ጉድ ወረደ። «ከቅርብ!» «ከቅርብ ይጀምር!» «ጋሼ ከቅርብ!» እያለ ሌላ ቃል እስኪጠፋ ድረስ ሰዉ ጻፈ። ቁጥሩ ሰባ ሺን አለፈ፤ «ልጣጭ» ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አያውቅም። ባለቤቱ ግን ደስ አላለውም።

«ከአጭር ማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አለ፣ ማስታወቂያው ገና ከመጀመራቸው በፊት ተላልፎ ያለቀ ቢሆንም።

የፍራሽ ማስታወቂያ ገባ። አለቀና እንደገና ተደገመ። ናሁሠናይ ማይክሮፎኑን በእጁ ሸፍኖ ወደ ጋሽ ዘርጋው ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ውሃ ይጠጣሉ?»

ጋሽ ዘርጋው ከመቼ ወዲህ «አንቱ» እንደሆነ ገረመው። «አልጠማኝም፤ ደህና ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ፊትዎ… እርስዎና እኔ ከዚህ በፊት ተገናኝተን እናውቃለን?»

«ኧረ ስንቱ ይመጣል» አለ ጋሽ ዘርጋው፣ ትክ ብሎ እያየው።

ፍራሹ ለሦስተኛ ጊዜ ተዋወቀ። ከማስታወቂያው ሲመለሱ ናሁሠናይ ፊቱን አብሶ፣ ጥሩ ጥሩውን ቃል ይዞ ቀረበ። ዝግጅት ክፍሉ ባደረገው ጥልቅ ምርመራ፣ የክቡር ጋሽ ዘርጋው ሱቅ ንጹሕ የሥራ ቦታ መሆኑን አረጋግጧል። ዶክተር ምንተስኖትም ጽሑፉን ራሱ መጻፉ በማያጠራጥር ምስክር ተረጋግጧል። ስም መጥራት ደግሞ ለዝግጅቱ ሥነ ምግባር አይስማማም፤ ይህም የአዘጋጁ የቆየ አቋም ነው። ቀጥሎ የተቆረጠችውን የኮማዋን ዐረፍተ ነገር ሳትቀር መልሶ አሰማት። ጋሽ ዘርጋውን እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኘው፣ የሊፍቱንም ቁልፍ እሱው ተጫነለት።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ በር ላይ አሥራ አንድ ተማሪ ተሰልፎ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ወረፋው አስፋልት ነካ። ሌላም ጉድ መጣ። በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቃቸው ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ የኢኮኖሚ ዶክተር፣ ሌላው የሰላም ዶክተር፣ ስልኩን ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ እየደወሉ ጤናውን ይጠይቁት ጀመር። «ጋሼ፣ ያስታውሱኛል?» ይሉታል በፈራ ድምፅ። በዕድሜው አይቷቸው አያውቅም። «እንዴት እረሳለሁ» ይላቸዋል። ወዲያው ስልኩ ይዘጋል።

ይፍቱሥራ ሦስት ጽሑፍ ጠርዛ አራተኛውን ስትጀምር መርፌዋን አስቀመጠችና ባሏን ቀና ብላ አየችው። ሲያስቆጣት ያደረ ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«አንተ፣ የዚያን የናሁሠናይን ጽሑፍ መቼ ነው እኔ ሳላውቅ የተየብክለት?»

«አልተየብኩለትም።»

«ታዲያ ማን ተየበለት?»

«ምኑን አውቄ? ሰውዬውን ትናንት ገና ነው ያየሁት።»

«ስንት ሺ ሰው እያየ ከዚህ ጠረጴዛ እጀምራለሁ አላልክም?»

«አላልኩም። ከሩቅ ልጀምር ከቅርብ ብዬ ጠየቅኩት እንጂ።» ጋሽ ዘርጋው የተማሪውን ገጽ ገለጠና አሥሩን ጣቶቹን ከፊደሉ ላይ አሳረፈ። «በደላላ ያስጻፈ ሰው ማን እንደጻፈለት በምን ያውቃል? የሚተይብ ሁሉ የጻፈለት ይመስለዋል። የገዛ ጽሑፉን ራሱ ጽፎት ቢሆንማ፣ ‹ከቅርብ ጀምር› ይለኝ ነበር።»