ልጇን ለሰጎን የሰጠች ቆቅ

«ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ያለ ሁሉ ጆሮውን ያውሰኝ።

በአንድ ሜዳ የሚኖሩ ወፎች ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ጫጩቶቻቸውን የሚያስጠብቁት በሰጎን ነበር። አንድ ቀን የቆቅ ልጅ እያነከሰ መጣ። እናቱም ወደ ሰጎን ሄዳ፣ «እመት ሰጎን፣ ልጄን ምን አገኘው?» ብላ ጠየቀች።

ሰጎን አንገቷን ወደ ላይ እንደቀሰረች፣ «እኔ እኮ አንበሳን ከተራራ ማዶ የማይ ነኝ! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ማንም የለም» አለች።

«ልጄ የተጎዳው ከተራራ ማዶ አይደለም፤ እዚሁ እግርዎ ሥር ነው። ዝቅ ብለው ይዩ!»

እንደ ቆቅ ልጇን ለሰጎን የሰጠችው ጅግራ ደንግጣ ቆቅን ወደ ጎን ሳበቻት። «ኧረ ዝም በይ እህቴ! ተቆጥታ የሁላችንንም ልጆች ብታባርርስ የት እንወስዳቸዋለን?»

«ታባርር!» አለች ቆቅ። ሄዳም በሰጎን ሁለት እግሮች መካከል ቁጭ አለች። «ቢረግጡኝም ካላዩ አልነሳም።»

ሰጎን ጮኸች፤ መሬቱን በእግሯ ደበደበች። ቆቅ ግን ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ሰጎን ሲደክማት ጩኸቷን ትታ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ከእግሯ ጣት አጠገብ ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ነበር። ከውስጡም የጫጩት ድምፅ ተሰማ።

«የኔ ልጅ ነው!» ብላ ጅግራ እየጮኸች ሮጠች። ያ ረጅም አንገት ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ጫጩቱን ይዞ ወጣ።

በማግሥቱ ሰጎን ወደ ሜዳው ስትመጣ ቆቅና ጅግራ ዝቅ ብላ እስክታይ ላይነሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቋት።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን አታብሱት፣ ገና እናገርበታለሁ።